የማኅበሩ ፒክአፕ በሊትር ስንት ይሄዳል? ከሙሉ እስከ ሙሉ የነዳጅ አመዘጋገብ

ለቆላው ይፋት የመስኖ ተጠቃሚዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣ ሒሳብ ያዦችና ሹፌሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማሾ የሚያመርት ማኅበር ፒክአፕ ሲገዛ ወይም በኮንትራት ሲይዝ የመጀመሪያው ወቅት በደስታ ያልፋል። ክርክሩ የሚመጣው ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን ነው። ከአባላት አንዱ ይነሣና «ይህ ሁሉ ናፍታ የት ገባ?» ይላል። ሹፌሩ «መንገዱ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሒሳብ ያዡ የደረሰኝ ክምር ያቀርባል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ግን አንዳቸውም ማስረዳት አይችሉም። ደረሰኝ የሚናገረው ስንት ብር እንደወጣ እንጂ መኪናው በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አይደለምና።

መንግሥት በነዳጅ ላይ ያደርገው የነበረው ድጎማ ከ2014 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ሲመጣ፣ ይህ ጥያቄ የማኅበራትን ኪስም የአባላትን መተማመንም የሚነካ ሆኗል። መልሱን ለማግኘት አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይበቃሉ።

ከሙሉ እስከ ሙሉ

የነዳጅ መያዣው (ሹፌሮች ሰልባትዮ የሚሉት) ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ በትክክል የምናውቅበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉ ሲሆን። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነዳጅ መርፌ ግምት ነው፤ ዳገት ላይ አንድ ነገር ይላል፣ ሜዳ ላይ ሌላ። ስለዚህ የምንለካው ከአንዱ ሙሉ እስከ ቀጣዩ ሙሉ ነው።

መያዣውን ሙሉ፤ የመቅጃው ጫፍ ራሱ ቆርጦ ሲያቆም በዚያው ይብቃችሁ፤ እያነቀነቁ መጨመር አያስፈልግም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚቀዳውን እያንዳንዱን ሊትር፣ በማደያም ይሁን በጀሪካን፣ መዝግቡ። እንደገና ሙሉ ስትሞሉ ቆጣሪውን አንብቡ። የሄደውን ኪሎ ሜትር ለተቀዳው ሊትር ስታካፍሉ መልሱ ይገኛል።

ችግሩ በእኛ አካባቢ ሁልጊዜ ሙሉ መቅዳት አይቻልም፤ ሰልፍ አለ፣ እጥረት አለ። ይህ ግን ምዝገባውን አያበላሽም። የሚከተለውን ምሳሌ እዩ።

ጥቅምት 4፣ ቆጣሪ 84,210፣ ሙሉ ተቀዳ።
ጥቅምት 9፣ ቆጣሪ 84,395፣ 20 ሊትር ብቻ ተቀዳ፣ አልሞላም።
ጥቅምት 13፣ ቆጣሪ 84,658፣ 36 ሊትር ተቀዳ፣ ሞላ።

ከሙሉ እስከ ሙሉ የተሄደው 448 ኪሎ ሜትር ነው። የተቀዳው 20 ሲደመር 36፣ ማለትም 56 ሊትር ነው። ስለዚህ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የጥቅምት 9ኙን ረስቶ 448ን ለ36 ያካፈለ ሰው 12.4 ያገኛል፤ ሹፌሩንም ያሞግሳል። ከጥቅምት 9 እስከ 13 ያለውን 263 ኪሎ ሜትር ብቻ ወስዶ ለ36 ያካፈለ ደግሞ 7.3 ያገኝና ሹፌሩን ይጠረጥራል። መኪናው አንድ ነው፣ ሹፌሩ አንድ ነው፣ ነዳጁም አንድ ነው።

«ሙሉ» የሚለውም ቢሆን የአንድ ወይም የሁለት ሊትር ስሕተት አያጣውም። መሬቱ ካዘነበለ ወይም ቀጂው ቀደም ብሎ ካቆመ ይለያያል። በ20 ሊትር ላይ 2 ሊትር ማለት ከመቶ 10 ነው፤ በ60 ሊትር ላይ ግን ከመቶ 3 አካባቢ ነው። ስለዚህ መያዣው በደንብ ጎድሎ ሲሞላ የሚገኘው ቁጥር የበለጠ ይታመናል። ቢቻል ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ መቅጃ ቅዱ። ናፍታ በሙቀት ይነፋል፤ በብርድ በደብረ ብርሃን እስከ አፉ የተሞላ መያዣ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ ሲቆም ሊፈስ እንደሚችል ሹፌሮች ያውቁታል።

በጀሪካን ሲቀዳ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ 20 ሊትር የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 በላይ ይይዛል፤ ጎደል ሲል ደግሞ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። በማደያው ቆጣሪ የተነበበውን ሊትር እንጂ የጀሪካኑን ስም አትጻፉ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ነዳጅ በቴሌብር መከፈሉ ለዚህ ሥራ ጠቅሞናል፤ የክፍያው መልእክት ቀኑንና ብሩን ይዞ ስልክ ላይ ይቀራል። ደብተሩና መልእክቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመሳከሩ።

የጣርማበር ዳገት ሒሳብ

የፋብሪካው መጽሐፍ ስለ መኪናችሁ የሚናገረው ቁጥር የተገኘው መኪናው ቤት ውስጥ በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ፣ ያለ ዳገትና ያለ ሽንኩርት በተደረገ ሙከራ ነው። አንዱን ሞዴል ከሌላው ለማወዳደር ይጠቅማል። የእኛን መንገድ ግን አያውቅም።

መንገዳችንን አስቡት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማበር ዋሻ ስትወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕን 1,700 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 50 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። አንድ ሊትር ናፍታ 36 ሚሊዮን ጁል ገደማ ቢይዝም ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለከፍታው ብቻ 4 ሊትር አካባቢ ይቃጠላል። ይህ መኪናው ሜዳ ላይ ለመሄድ ከሚፈልገው በላይ የሚጨመር ነው።

«ሲመለስ ቁልቁል ስለሆነ ይካካሳል» የሚል አለ። ሙሉ በሙሉ አይካካስም። ቁልቁል ስትወርዱ ያ ጉልበት የሚያልቀው ፍሬን በማሞቅ ነው፤ ወደ ናፍታነት አይመለስም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ከጣርማበር ቁልቁል ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ሰው ያስገድላል። ፍሬኑ ብቻውን ይቀርና ይግላል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። ቁጠባውም ቢሆን የለም። ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሞተር እንዳይጠፋ ነዳጅ ይወስዳል፤ በማርሽ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚወርድ ሞተር ግን በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ነዳጁን ጨርሶ ይቆርጣል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት በደብተራችሁ ላይ «መንገድ» እና «ጭነት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች መኖር እንዳለባቸው ነው። ወደ ጀውሃና አጣዬ በሜዳው የሄደን መኪና ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ብርሃን ከወጣ መኪና ጋር ማወዳደር ጤፍን ከማሽላ ጋር በኩንታል ዋጋ እንደማወዳደር ነው።

እኔ የተሳሳትኩበት

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የነዳጅ ሒሳብ የማየው እኔ ነበርኩ። በአንዱ ወር ፒክአፑ በሊትር 10 ሄደ፤ በሚቀጥለው ከ8 በታች ወረደ። ሹፌሩ በዕድሜ ታላቄ ናቸው። ኮሚቴ ፊት አቀረብናቸውና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍን። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የት የት እንደሄድኩ አይታችኋል?» አላየንም ነበር።

በኋላ የጉዞ ፈቃዶቹን ስናገላብጥ በመጀመሪያው ወር ቆላ ላይ ብቻ ሲሠሩ፣ በሁለተኛው ደግሞ ማዳበሪያና ችግኝ ወደ ደጋው ሲያመላልሱ እንደነበር ታየ። ሌላም ስሕተት ነበረብን። ሒሳቡን የምንዘጋው መያዣው ሞላም አልሞላም በወሩ 30ኛ ቀን ነበር። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ መያዣው ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሙሉ ነበር። ማለትም ገና ያልተቃጠለ ነዳጅ በእሳቸው ላይ ቆጥረናል። ደብዳቤው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ሒሳባችሁን በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በሙሉ ቀን ዝጉ። ወር ካለቀ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ሙሉ ጠብቁ።

አማካይ ሲወሰድ

አንድ ስሕተት ተምረው የመጡ ሒሳብ ያዦችም ላይ አይቻለሁ። መኪናው በሜዳ 480 ኪሎ ሜትር በ40 ሊትር ሄደ እንበል፤ በሊትር 12 ነው። በዳገት 140 ኪሎ ሜትር በ20 ሊትር ሄደ፤ በሊትር 7 ነው። ብዙዎች 12ንና 7ን ደምረው ለሁለት ያካፍሉና 9.5 ይላሉ። ትክክሉ ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ደምሮ ለሊትሩ ሁሉ ማካፈል ነው፤ 620 ለ60፣ ማለትም 10.3። በዓመት መጨረሻ ይህ ልዩነት ብዙ ጀሪካን ይሆናል።

ቁጥሩ በእርግጥ ሲወርድ

በአንድ ዓይነት መንገድና ጭነት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከሙሉ እስከ ሙሉ ለክታችሁ ቁጥሩ እየወረደ ከመጣ ምክንያት ፈልጉ። ከሰው በፊት መኪናውን መርምሩ። የጎማ ንፋስ ማነስ ዋናው ነው፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ጥቁር ጭስ ካለ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ወይም የነዳጅ መርጫው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ ወቅት በቀበሌ መንገዶቻችን ላይ ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናል። ፍሬን ይዞ የሚቀር ከሆነም ሞተሩ በከንቱ ይታገላል፤ መኪናው እንደቆመ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ጠጋ አድርጉ፣ ግን አትንኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋል ከሆነ ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ጎማ የቀየራችሁ እንደሆነ መጠኑን አረጋግጡ። ከበፊቱ ከመቶ 5 የሚተልቅ ዙሪያ ያለው ጎማ ከገባ፣ መኪናው 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆጣሪው 100 ብቻ ይላል። በወረቀት ላይ መኪናው ነዳጅ የበላ ይመስላል። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ያለውን ርቀት በስልክ ካርታ አይታችሁ ከቆጣሪያችሁ ጋር አንድ ጊዜ አስተያዩት።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምክንያት ካልተገኘ ያን ጊዜ ሹፌሩን በአክብሮት ጠይቁ፤ ደብተሩ በመካከላችሁ ይቀመጥ።

ቁጥሩን ለገበያ ውሳኔ

ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናችሁ በዚህ መንገድ በሊትር 8 የሚሄድ ከሆነ 24 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። 10 ኩንታል ሽንኩርት ከጫነ ለአንድ ኩንታል 2.4 ሊትር ደረሰ ማለት ነው። በዕለቱ የናፍታ ዋጋ አባዙት፤ የሹፌር አበል፣ የጎማና የጥገና ድርሻ ጨምሩበት። ከዚያ አይሱዙ ከሚጠይቃችሁ የኩንታል ኪራይ ጋር አስተያዩት። ምርቱ ብዙ በሆነ ጊዜ አይሱዙ የሚረክስበት ቀን ብዙ ነው። የራስ መኪና ስላለን ብቻ በራሳችን መኪና መጫን ግዴታ አይደለም። አምስት ኩንታል ብቻ ጭኖ ጣርማበርን መውጣት ደግሞ የኩንታሉን ናፍታ ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል፤ መኪናው ራሱ ክብደት አለውና።

ስለ ውኃ ፓምፕ በአጭሩ

ከሮቢ ወንዝ በፓምፕ የምታጠጡም በዚሁ ዘዴ መሥራት ትችላላችሁ። ፓምፕ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የለውም፤ ስለዚህ ከሙሉ እስከ ሙሉ ያለውን የሥራ ሰዓትና የጠጣውን ማሳ በጥማድ ጻፉ። በበጋ ወንዙ ሲወርድ ፓምፑ ውኃውን ከታች ስለሚስብ ለአንድ ጥማድ የሚፈልገው ነዳጅ ይጨምራል። ያን ጊዜ ፓምፑን ወደ ውኃው አስጠጉት፤ የመሳቢያ ቱቦው አየር የሚያስገባ መሆኑንም እዩ።

ለሚቀጥለው ሥልጠና

እያንዳንዱ ማኅበር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከሙሉ እስከ ሙሉ የተመዘገበበት ደብተር ይዞ ይምጣ። ዓምዶቹ ቀን፣ ቆጣሪ፣ ሊትር፣ ብር፣ ሞላ ወይም አልሞላም፣ መንገድ፣ ጭነት በኩንታል፣ የሹፌርና የሒሳብ ያዥ ፊርማ ናቸው። ሹፌሩም አብሮ ይምጣ፤ ስሌቱን በጋራ እንሠራለን።