ስኳር ትቶ መክሳት፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ይህ መመሪያ ለሁሉም ሰው አይሆንም። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ እህሉ ከመከር እስከ መከር የማያደርሰው፣ በሴፍቲኔት የሚደገፍ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለእሱ በሻይ ውስጥ ያለው ስኳር የቀኑ ጉልበት ነው። እርጉዝ፣ አራስ፣ ገና የሚያድግ ልጅ፣ ከሕመም ያገገመ ሰው ይለፉት። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር በሽታ ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ጣፋጩ በድንገት ቢቀር በደሙ ያለው ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል።

የምጽፈው በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተማ ተቀምጦ ለሚውለው ነው፤ ለአስተማሪው፣ ለባለሱቁ፣ ለቢሮ ሠራተኛው፣ መሪ ይዞ ለሚውለው ሹፌር። ገበሬ አባቱ ጉና ሥር ገብስ ሲያርስ ያቃጥለው የነበረውን እሱ ወንበር ላይ ሆኖ ያጠራቅመዋል። ቦርጩ የመጣው ከእንጀራው ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትተዉ፤ ቁጠሩ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው ከሚጨመር ስኳር የሚያገኘው ኃይል ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ5 በመቶ ቢያንስ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል ይላል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ያህል ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይይዛል። እንግዲህ አስሉት፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ከሆነ ስድስት ማንኪያ ነው። የ25 ግራሙ ወሰን በአንድ የቡና ሥርዓት አለቀ። በዚያ ላይ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ። 50 ግራሙም ደረሰ። ለስላሳ ገና አልተጠጣም። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ኮካ ደግሞ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል።

እነዚህ ዐሥራ ሁለት ማንኪያዎች በቀን 200 ካሎሪ ያህል ናቸው። ሌላው አመጋገብ ሳይለወጥ እነሱ ብቻ ቢወጡ በወር ከሦስት ሩብ ኪሎ የማይበልጥ ይቀንሳል። በወር ዐሥር ኪሎ እናስቀንሳለን የሚሏችሁን አትስሟቸው። ሦስት ሩብ ኪሎ ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ወር በወር ይጠራቀማል።

የቆጠራው ሳምንት ሲያልቅ ቀላሉን በአንድ ቀን ጨርሱ፤ ለስላሳ ይቅር፣ ብስኩትና ከረሜላ ከቤት ይውጣ፣ ቦምቦሊኖ አይገዛ። ከአልኮል ነጻ ነው ብላችሁ የምትጠጡት ማልትም እንደ ለስላሳው ስኳር አለበት። ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ስትወርዱ ጁስ ቤት ከገባችሁ ስኳርም ቪምቶም እንዳይጨመርበት እዘዙ፤ ከዚያ ይልቅ ማንጎውን ራሱን ልጣችሁ ብሉት፣ ያጠግባል። በሶውን በስኳር መበጥበጥ ትታችሁ በጨውና በበርበሬ ጨብጡት። ማርና ብርዝ ከስኳር ይለያል የምትሉም አትሳቱ፤ ማር የተፈጥሮ ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሚጨመር ስኳር እኩል ነው የሚቆጥረው። በዓመት በዓል አንድ ብርሌ ጠጅ ምንም አይደለም፤ በየቅዳሜው ከሆነ ግን ይቆጠር። ዛሬ በየጠጅ ቤቱ በስኳር የሚጣል ጠጅ እንዳለም አትርሱ።

ሻይና ቡና የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ሻዩን ቀስ በቀስ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሳችሁ ውረዱ፤ ምላስ ይለምዳል፣ ከአንድ ወር በኋላ የድሮው ሻይ አፍ የሚያጣብቅ ሽሮፕ ይሆንባችኋል። በቤት ስኳሩ ከውኃው ጋር አብሮ የሚፈላ ከሆነ መቀነስ አይቻልም፤ ስኳሩ ከማንቆርቆሪያው ይውጣና እያንዳንዱ በብርጭቆው ይጨምር። እኔ የምወደው ከደጋው የሚለቀመውን ጦስኝ ከአንድ ቁራጭ ዝንጅብል ጋር አፍልቶ መጠጣት ነው፤ በነፋስ መውጫ ብርድ እጅን በብርጭቆው አሙቆ የሚጠጣ እንዲህ ያለ ሻይ ስኳር አያስመኝም። ቡናውን ግን በአንድ ጊዜ ቁረጡ። ግማሽ ማንኪያ የገባበት ቡና አይጣፍጥም፣ አይመርርም፤ ሁለቱንም አጥቶ ልብ ያስከፋል። ስኳር የሌለበት ቡና በጤና አዳም ቅጠል ግን ሙሉ ነው። በጨው መጠጣት የለመደ የአገር ሰውም አለ፤ የደም ግፊት ካለባችሁ እሱን ተዉት። ከስኳሩ ጋር ቡናውንም አብራችሁ እንዳትተዉ። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ትቶ ራሱን ሲያመው ስኳር ስላጣሁ ነው ብሎ ይመለሳል፤ ያመመው ግን ቡናው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔን ያታገለኝም፣ የማውቃቸውን ብዙ ሰዎች የጣላቸውም ይህ ነው፤ የሰው ቤት። በራሳችሁ ወጥ ቤት ስኳሩን መቆለፍ ትችላላችሁ። በእኛ አገር ግን አብዛኛው ስኳር የሚገባን በሰው እጅ ነው። ቡናው ሲቀዳ ስኳሩ አስቀድሞ ከሲኒው ሥር ተቀምጧል። ሲኒው እጃችሁ ከደረሰ በኋላ «እኔ ስኳር ትቻለሁ» ማለት የተቀዳውን መመለስ ነው፤ ነውር ነው። ስለዚህ ገና ቡናው ሲቆላ፣ ጭሱ ሲዞርና እናንተም እጃችሁን ሰዳችሁ ስታሸቱት፣ ያን ጊዜ ተናገሩ፦ «እታለም፣ የኔን ያለ ስኳር አድርጊልኝ፤ ጤና አዳም ካለሽ ጣል አድርጊበት።» ረከቦቱ ላይ ሲኒው ሲደረደር አንዱን ባዶ ትተዋለች። ጀበናው ከወረደ በኋላ ከሆነ ግን ዘግይታችኋል።

ከዘገያችሁ አታማስሉ! ማንኪያውን አትንኩት። ከላይ ከላዩ ጠጡና ሥሩን ተዉት፤ ከስኳሩ ብዙው እዚያው ወፍሮ ይቀራል። ሲኒውን ስትመልሱ «ለቶናው በዚሁ ላይ ቅጂልኝ፣ ስኳሩ ይበቃኛል» በሉ። በዚህ መንገድ ስድስቱ ማንኪያ ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ማንንም ሳታስቀይሙ።

ምክንያቱን ስትናገሩ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። «ለመክሳት ብዬ ነው» አትበሉ። በእኛ ዘንድ የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» ይባላል፣ የከሳ ሰው «ምነው፣ ምን ነካህ?» ይባላል። ረኀብ በሚያውቅ አገር መክሳት የመከራ ምልክት ነው፤ ሰው ወዶ ይከሳል ብሎ የሚያምናችሁ አታገኙም። ባለቤቲቱም አዝናላችሁ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች አንድ ማንኪያ ትጨምራለች። «ሐኪም ከልክሎኝ» ማለት ደግሞ ካልሆነ አይባል። ውሸት በመሆኑ ላይ፣ ሳይመሽ ስኳር በሽታ ይዞታል ተብሎ ከተማውን ይዞራል፤ በማግስቱ ሊጠይቋችሁ ይመጣሉ፤ ይዘውላችሁ የሚመጡት ደግሞ ለስላሳ ነው። የሚሠራው ንግግር አንድ ነው፦ «ያለ ስኳር ነው የምወደው።» ለወደደ ሰው መልስ የለውም። ለእናት ከሆነ «እማማ፣ የእርስዎ ቡና ስኳር አይፈልግም» በሉ፤ ደስ ይላቸዋል፣ እውነትም ነው።

አንዱን እንቢ ስትሉ ሁለት ነገር ተቀበሉ። ቆሎውን ዝገኑ፣ በረካውን ሳትጠጡ አትነሡ። የምታስቀይሙት ስኳሩን ስትተዉ አይደለም፤ የቀረበውን ሁሉ ስትመልሱ ነው።

«ስኳር ያልገባበት ቡና ለእንግዳ ይሰጣል?» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። በአክብሮት አስታውሷቸው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የጋይንት እናት እንግዳዋን በጠላዋ፣ በቡናዋ፣ በእጇ እህል አክብራ ትሸኝ ነበር። ዛሬም እናንተ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ ይህን ልማድ በእጃችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ለአራስ ቤት፣ ለለቅሶ ቤት፣ ለታመመ ሰው ስኳርና ለስላሳ መሸከም ልማድ ሆኗል፤ የለቅሶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ የስኳር ፌስታል ይደረደራል፣ ቤተሰቡም ወራት ሙሉ እሱን ይጠጣል። እናንተ ቡና፣ ምስር፣ ብርቱካን ወይም ሙዝ ይዛችሁ ሂዱ። ለለቅሶ ቤት ምስሩ ወጥ ይሆናል።

ጾም ሌላው ወጥመድ ነው። ሥጋና ቅቤ ስለሌለ ይከሳል ብላችሁ ዐቢይ ጾምን በተስፋ ትጠብቃላችሁ፤ ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚጨብጠው ሻይና ዳቦ ነው፣ ሻዩም ከወትሮው ይጣፍጣል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ ሽሮ በእንጀራ ወይም የባቄላ ንፍሮ፣ ሻዩ ከዚያ በኋላ። የጠገበ ሰው ሦስት ማንኪያ አያስፈልገውም።

በሌላውም ቀን ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ የሚመጣውን ምኞት በባዶ እጅ አትጠብቁት። የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ቀላቅላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ አንድ እፍኝ ይበቃል፣ ሰፌዱን ፊታችሁ አታስቀምጡ።

ለመለካት ሚዛን ካገኛችሁ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ ውጡበት። ዕለት ዕለት አትመዘኑ፤ ውኃ ብቻ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሚዛን ከሌለ እኔ የምመርጠው ሲባጎ ነው። እምብርታችሁ ላይ አዙራችሁ ትንፋሽ ሳትስቡ የሚገናኝበትን ቋጥሩ፤ በየወሩ መጀመሪያ ያንኑ ሲባጎ አዙሩና አዲስ ቋጠሮ ጨምሩ። ሁለት ወር ሙሉ ቋጠሮው ካልተንቀሳቀሰ ሳህናችሁን ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩ ሲወጣ ዳቦ ወይም ሌላ ግማሽ እንጀራ ገብቶ ቦታውን ይዟል። ያም ካልሆነ፣ በተለይ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት፣ ሆስፒታል ሄዳችሁ የእንቅርት ዕጢያችሁን ሥራ ተመርመሩ።