አራት ካንዴላ በጣት ጫፍ

ካንዴላ የሚለውን ቃል መካኒኮቻችን የወሰዱት ከጣልያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሻማ ማለት ነው። ስሙ ከሥራው ጋር ይገጥማል። ሞተሩ ውስጥ ታምቆ የሚጠብቀውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚለኩሰው ይኸው ዕቃ ነው። እስከ ዛሬ ኮፈን ከፍተው የዘይት መጠን ከማየት ያለፈ ነገር ሠርተው የማያውቁ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ሥራ ካንዴላ ከመቀየር የተሻለ አላውቅም። ጊዜው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ መሣሪያውም ወጪውም ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ በሥራው መካከል ጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚቆይ አንድ አደገኛ ቅጽበት አለ። እዚያ ስንደርስ እጅዎ ምን እንደሚፈልግ እንዲያውቅ፣ ከሥሩ ተነሥተን ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

ለምሳሌ የምወስደው የማዝዳ ኤምኤክስ-5ን የመጀመሪያ ትውልድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ የቀረበ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች የሆነ የስፖርት መኪና ነው። አንድ ሚሊዮንኛው ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. በ2016 ከፋብሪካ ወጥቷል። ለጀማሪ የሚመቸው በአሠራሩ ነው። ባለ 1.6 ሊትሩ ሞተር ከፊት ወደ ኋላ በርዝመቱ ተቀምጧል፤ አራቱም ካንዴላዎች በሞተሩ አናት መካከል ተሰልፈው ወደ ላይ ያያሉ። ኮፈኑን ሲከፍቱ ከፊትዎ ናቸው። ከዚህ ጋር ፖርሽ 911ን ያስተያዩ፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ተኝተዋል፣ ካንዴላዎቹም ወደ ጎን የዞሩ ናቸው። በ1989 በወጣው 964 በሚባለው ሞዴል ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት፣ በድምሩ 12 ካንዴላ አለ። እዚያ መጀመር ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም።

አሁን ካንዴላው ምን እንደሚሠራ እንይ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ወርዶ ድብልቁን ይስባል፣ ወጥቶ ያምቀዋል፣ ድብልቁ ሲቀጣጠል ተገፍቶ ይወርዳል፣ እንደገና ወጥቶ ጭሱን ያስወጣል። ጉልበት የሚገኘው ከሦስተኛው እርምጃ ብቻ ነው፤ ያ እርምጃ የሚጀምረው ደግሞ በካንዴላው ጫፍ ላይ በሚፈጠር ብልጭታ ነው። ጫፉን ቢያዩት ሁለት ብረቶች አሉ፦ አንዱ በመካከል ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ሌላው ከጎን ተነሥቶ በላዩ የታጠፈ። ኤሌክትሮድ ይባላሉ። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ በሚያታ ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው። ብልጭታው የሚዘለው ይህችን ክፍተት ነው።

አየር ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ክፍተቷን ለመሻገር የባትሪው 12 ቮልት ከቶ አይበቃም፤ ስለዚህ ኮይል የሚባለው ጥቅል ሽቦ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት የሚወስኑት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የክፍተቷ ስፋትና የአየሩ እፍጋት። ክፍተቷ በሰፋች ቁጥር፣ አየሩም በታመቀ ቁጥር ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል።

ይህን ከያዙ ያረጀ ካንዴላ ለምን በዳገት ላይ እንደሚያስቸግር ይገባዎታል። እያንዳንዱ ብልጭታ ከኤሌክትሮዱ ላይ በዓይን የማትታይ ቅንጣት ብረት ይበላል። ከጊዜ በኋላ ጠርዞቹ ይደንዛሉ፣ ክፍተቷም ትሰፋለች። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ኮይሉ ይችላል። ነዳጅ መስጫውን ረግጠው ዳገት ሲወጡ ግን ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፣ እምቅታው ይበረታል፣ የሚያስፈልገው ቮልት ኮይሉ ከሚሰጠው በላይ ይሆናል። ያኔ ብልጭታው ይቀራል፤ መኪናው ይንገጫገጫል። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ነዳጁን ይጠረጥራል። ተራ የኒኬል ካንዴላ በዚህ መኪና ላይ በ48,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚያታ ላይ ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ። አንድ ኮይል ለሁለት ሲሊንደር ያገለግላል፦ አንደኛው ለ1ኛና ለ4ኛ፣ ሌላው ለ2ኛና ለ3ኛ። ጥንዶቹ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አንዱ ድብልቅ ሲያምቅ ሌላው ጭስ እያስወጣ ነው፤ ብልጭታው ግን በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይዘላል። በጭሱ ውስጥ የሚዘለው ምንም አያቀጣጥልም፣ እንዲሁ ይባክናል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ብቻ ነው ሥራ የሚሠራው። ደግሞም ከጥንዶቹ በአንዱ ኤሌክትሪኩ ከመካከለኛው ኤሌክትሮድ ወደ ጎኑ ሲሄድ በሌላው በተቃራኒው ይሄዳል። አሮጌዎቹን ሲያወጡ አንዱ ከመካከሉ፣ ሌላው ከጎኑ ይበልጥ ተበልቶ ቢያገኙት እንግዲህ አይደንግጡ።

ወደ ግዢው እንሂድ። ለዚህ ሞተር ከሚስማሙት አንዱ ኤንጂኬ የሚያመርተው ቢኬአር6ኢ-11 ነው። ጽሑፉ የዘፈቀደ አይደለም። ቢኬ የሚለው ጥርሱ 14 ሚሊሜትር ስፋት እንዳለውና ቁልፍ የሚይዘው ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍል 16 ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራል። አር ማለት ውስጡ የሬዲዮ ጩኸት የሚቀንስ መከላከያ አለው ማለት ነው። ኢ የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን፣ 11 ደግሞ ክፍተቷ 1.1 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል። 6 የሙቀት ደረጃ ነው፤ ካንዴላው ሙቀቱን ወደ ሞተሩ ብረት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስተላልፍ ይነግራል። ጫፉ ከ450 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሞቀ ጥላሸቱን አያቃጥልም፤ ከ850 በጣም ካለፈ ደግሞ ብልጭታውን ሳይጠብቅ ድብልቁን ራሱ ያቀጣጥላል፣ ይህም ፒስተን ሊበሳ ይችላል። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ በቦሽ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ይዘው ሌላው ጋር አይሂዱ።

መሣሪያው ይህ ነው፦ ውስጡ ጎማ ያለው ባለ 16 የካንዴላ ቡሶላ፣ ረዘም ያለ ማራዘሚያ፣ እጀታ፣ የክፍተት መለኪያ፣ ቢቻል የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ አንድ ስንዝር ተኩል የምታህል የጎማ ቱቦ። ቱቦዋ ርካሽ ናት፤ በኋላ ግን ከሁሉ ትበልጣለች።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ማታ አቁመው ጠዋት ይጀምሩ። የሞተሩ ራስ፣ ማለትም ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው፤ ካንዴላው ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የብረትን እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ በጋለ ጊዜ ሁለቱ በመጠን አይስማሙም፣ ጥርስ ከጥርስ ይናከሳል። የማጥበቂያው ልክም የተሰላው ለቀዝቃዛ ሞተር ነው።

ከኮይሎቹ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱትን ገመዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይንቀሉ። አንድ ነቅለው፣ አንድ ካንዴላ ቀይረው፣ ገመዱን መልሰው፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ይሂዱ። ገመዶቹ ቢቀያየሩ ብልጭታው በማይገባው ጊዜ ይዘላል። ገመዱን ሲነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን የጎማ ኮፍያውን ይያዙ፤ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ትንሽ ያዙሩት፣ ከዚያ ይሳቡት። የገመዱ እምብርት ለስላሳ የካርቦን ክር ሊሆን ይችላል፤ በኃይል ቢስቡት ውስጡ ይበጠሳል፣ ከውጭ ግን አይታይም።

ኮፍያው ሲወጣ ጥልቅ ጉድጓድ ያያሉ። ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት በባትሪ መብራት ይመልከቱት። አሸዋና ቅጠል ካለ፣ ካንዴላው ሲወጣ ሁሉም ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል፤ ስለዚህ መነጽር አድርገው በአየር ግፊት ያጽዱት። ዘይት ተጠራቅሞ ካገኙ ጥፋቱ የካንዴላው አይደለም፤ የላይኛው ክዳን ጋርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያትመው ጎማ ማለት ነው፣ አርጅቷል። ዘይቱን በጨርቅ ያውጡና ጋርኒሲዮኑን ለመቀየር ቀን ይያዙ፤ ዘይት የኮፍያውን ጎማ ያበላሻል።

አሮጌዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይደርድሩ። በጫፉ ዙሪያ ያለው ነጭ ሸክላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። እርጥብና ቅባታም ጥቁረት ዘይት እየገባ መሆኑን፣ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ የፈነዳዳ ሸክላ ደግሞ ከልክ ያለፈ ሙቀትን ይናገራል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ቢለይ፣ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን የጠበቅነውም ለዚህ ነው።

አዲሱን ካንዴላ ከማሸጊያው አውጥተው ክፍተቷን ይለኩ። ፋብሪካው ቢያስተካክላትም በመንገድ ላይ ልትለወጥ ትችላለች። ማስተካከል ካስፈለገ የጎኑን ኤሌክትሮድ ብቻ ቀስ ብለው ያጉብጡት፤ መካከለኛውን ፈጽሞ አይንኩ። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ካንዴላ ሸክላው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ እኔ እንዲህ ያለውን አልገጥምም።

አሁን ወደዚያ ቅጽበት ደረስን። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ አሉሚኒየሙ ለስላሳ ነው። ካንዴላው ተጣሞ ቢገባና በቁልፍ ቢገፉት፣ ብረቱ በአሉሚኒየሙ ላይ አዲስና የተሳሳተ ጥርስ ይቆርጣል። ቁልፍ ረጅም ክንድ ስላለው እጅዎ ተቃውሞውን አይሰማም፤ ጥፋቱን የሚያውቁት ካለፈ በኋላ ነው፣ ጥገናውም ቴስታታውን እስከ ማውረድ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፍ አይነካም። የካንዴላውን አናት በጎማ ቱቦዋ ውስጥ ሰክተው ወደ ጉድጓዱ ያውርዱት፤ ቱቦዋን በሁለት ጣት ይያዙ። በመጀመሪያ ወደ ግራ፣ ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ቀስ ብለው ያዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ካንዴላው ትንሽ ጠብ ሲል ይሰማዎታል፤ የሁለቱ ጥርሶች መነሻ ተገናኘ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ያዙሩ። በትክክል ከገባ ብዙ ዙር ያለ ድካም ይሄዳል። ተጣሞ ከሆነ ቱቦዋ በጣትዎ ውስጥ ወይም በካንዴላው አናት ላይ ትንሸራተታለች፤ ጥርስ ለማበላሸት የሚበቃ ጉልበት የላትም። ፈትተው እንደገና ይጀምሩ። አሥር ጊዜ መጀመር ምንም አይጎዳም።

ካንዴላው በጣት እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ ቁልፍ ይያዙ። ልኩ ከ15 እስከ 23 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌለዎት፣ አዲስ ካንዴላ በጣት ከቆመበት ግማሽ ዙር ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ይበቃዋል። በሥሩ ያለችው ቀለበት ተጨፍልቃ ጋዙን ታትማለች፤ የካንዴላውንም ሙቀት ወደ ቴስታታው ታስተላልፋለች። አንድ ጊዜ 3ኛውን ካንዴላ በጣት ብቻ አስገብቼ ሳላጠብቅ ቀረሁ። በማግስቱ መኪናው ሲፋጠን ከኮፈኑ ሥር ቸክ ቸክ የሚል ድምፅ ተሰማኝ፣ ቫልቭ ነው ብዬ ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። ስፈትሸው ካንዴላው በእጄ ዞረ፤ በዙሪያው ጋዝ የተነፈሰበት ጥቁር ምልክት ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ካጠበቅሁ በኋላ ክዳኑ ላይ በጠመኔ ጭረት አደርጋለሁ።

ጥርሱን ቅባት መቀባት ልማድ ነው፤ ብዙ አዳዲስ ካንዴላዎች ግን ዝገት የሚከላከል ሽፋን ስላላቸው አያስፈልጋቸውም። ቅባት ጥርሱን ስለሚያንሸራትት ቁልፉ ያው ቁጥር እያሳየ ካንዴላው ከልክ በላይ ይጠብቃል።

ኮፍያውን ሲመልሱ ጠቅ እስኪል ይጫኑት፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ሲሊንደር ይሂዱ። አራቱም ሲያልቁ ጉድጓዶቹ አጠገብ የተረሳ ቡሶላ ወይም ጨርቅ አለመኖሩን አይተው ሞተሩን ያስነሡ። ሚኒሞው እኩል መምታት አለበት። ከተንቀጠቀጠ ያጥፉትና መጀመሪያ ኮፍያዎቹን ይጫኑ፤ አንዱ እስከ ታች አልደረሰ ይሆናል። ደህና ከሆነ በካርቶኑ ላይ ያሉትን አሮጌዎች ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይስጧቸው፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጻፉባቸው፣ በቀጣዩ ቅያሬ ከሚወጡት ጋር ጎን ለጎን እስኪያዩአቸው ድረስ በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጧቸው።