ባክአፕ አለ ማለት ዳታው አለ ማለት አይደለም

ዳታቤዝ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኖርማላይዜሽን፣ ኢአር ዲያግራምና የፈተናው ማርክ ነው። እኔም ሴሌክት መጻፍ ከቻልኩ ዳታቤዝ አወቅሁ ብዬ ነበር። ሠንጠረዥ መሥራት ሌላ፣ ሰርቨሩን በየቀኑ ማስተዳደር ደግሞ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

መሥሪያ ቤቱ የአባላቱን የቁጠባ ሂሳብ በማይኤስኪውኤል ይይዛል። አንድ ቀን የአንዲት አባል ስልክ ቁጥር አስተካክል ተባልኩ። አፕዴት ብዬ ጻፍኩ፤ ዌር የሚለውን ግን ረሳሁት። ኢንተር ስመታ የሁሉም አባላት ስልክ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ! ኃላፊው «ግድ የለም፣ ማታ ማታ ባክአፕ ይወሰዳል» አሉኝ። ፋይሉን ብናየው ዜሮ ባይት ነው። ለካ ዲስኩ ከሞላ ወራት አልፎታል። ስክሪፕቱ በየሌሊቱ ይነሳል፣ ባዶ ፋይል ያስቀምጣል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጋር ስልኮቹን ከወረቀት ቅጽ አንድ በአንድ ስንመልስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። «አይዞህ ልጄ፣ ወረቀቱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?» አሉኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ የነካሁት የቀሪ ሂሳቡን ዓምድ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ ያጠናሁትን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ።

1. ዳታ ከመቀየር በፊት

በመጀመሪያ ያንኑ ዌር ይዞ ሴሌክት ማድረግና ስንት ረድፍ እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስታርት ትራንዛክሽን ብሎ አፕዴቱን መስጠት ነው። የተቀየረው ረድፍ ከተጠበቀው ጋር ከገጠመ ኮሚት፣ ካልገጠመ ሮልባክ። ይህ የሚሠራው ግን ሠንጠረዡ ኢኖዲቢ ሲሆን ነው። ማይአይሳም ትራንዛክሽን አያውቅም፤ ሮልባክ ቢሉትም የተቀየረው እንደተቀየረ ይቀራል። ማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢን መደበኛ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 5.5 ቨርዥን ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ሠንጠረዦች ካልተለወጡ እስካሁን ማይአይሳም ሊሆኑ ይችላሉ። መብራት ድንገት ሲጠፋም ልዩነቱ ይታያል፤ ኢኖዲቢ ሲነሳ ከራሱ ሎግ ላይ አንብቦ ይስተካከላል፣ ማይአይሳም ግን ከተበላሸ ሪፔር ይፈልጋል።

2. ደኅንነት

ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር በሩት አካውንት መገናኘት የለበትም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ተጠቃሚ ተከፍቶ በግራንት የሚያስፈልገው መብት ብቻ ይሰጠዋል። ስም የለሽ ተጠቃሚዎችና ቴስት የሚባለው ዳታቤዝ ካሉ ይጥፉ። ፖርት 3306 ለኢንተርኔት ክፍት አይሁን።

ፓችም በጊዜው ይጫን። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2003 ስላመር የተባለው ዎርም የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨሮችን በደቂቃዎች ውስጥ ዓለም ላይ ሲያጠቃ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ፓች ከወጣ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። መድኃኒቱ እያለ ነው በሽታው የገባው።

3. ባክአፕና ሪስቶር

ባክአፑ ዳታው ካለበት ዲስክ ውጪ፣ ቢቻል ሌላ ቤት ይቀመጥ። ባይነሪ ሎግ ከበራ ደግሞ የሌሊቱን ባክአፕ መልሶ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራውን ስህተቱ እስከተፈጸመባት ደቂቃ ድረስ መድገም ይቻላል። እኔ ጋ ግን ያን ጊዜ ሁለቱም አልነበሩም።

ይህ የትንሽ መሥሪያ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በጊትላብ አንድ ባለሙያ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ፖስትግረስኪውኤል ዳታ አጠፋ። ባክአፕ ሲፈለግ አልተገኘም፤ ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ ቨርዥኑ ከሰርቨሩ ጋር ስላልገጠመ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፣ የስህተቱ ኢሜይልም ለሰው አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የወሰደው ቅጂ ነው።

ለማጠቃለል፣ «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ይባላል። ባክአፕም እንዲሁ ነው፤ በሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር ተደርጎ ረድፎቹ ካልተቆጠሩ አይታመንም። እኔ አሁን በየወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሪስቶር እሞክራለሁ። ግማሽ ሰዓት ቢወስድብኝ ነው፤ ከአሥራ አንድ ቀን ይሻላል።