የአገልግሎት ቦታችንን እንዴት እንምረጥ?



በወጣቶች ስብሰባችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ጌታን ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ግን የት ላገልግል?» የሚል ነው። አንዱ መዘምራን ውስጥ መግባት ይፈልጋል፤ ሌላዋ ወንጌል ወዳልደረሰበት አገር መሄድ ትመኛለች። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሩቁን ስናይ በአጠገባችን ያለውን እንዳንረግጥ እንጠንቀቅ።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽማግሌዎች የሕፃናቱን ክፍል እንዳስተምር ጠየቁኝ። ልቤ ወደ ገጠር ሊሄድ በታሰበው የወንጌል ቡድን ላይ ስለ ነበረ «ጥሪዬ አይደለም» ብዬ እምቢ አልሁ። ጉዞው ሳይሳካ ቀረ፤ የሕፃናቱም ክፍል አስተማሪ አጥቶ ለወራት ተዘጋ። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ መንገድ ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ ትምህርታችን መቼ ነው የሚጀመረው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚያ ሰሞን የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ አጽናናኝ፤ ገሠጸኝም። ኦነሲሞስ የኦሮሞ ልጅ ነው። በልጅነቱ ታፍኖ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በ1872 በፋሲካ ተጠመቀ። በስዊድን አገር ተምሮ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ወንጌልን ለገዛ ወገኖቹ ማድረስ። በሱዳን በኩል ሞከረ፤ አልሆነም። በሸዋ በኩልም እስከ እንጦጦ ደርሶ ተመለሰ።

በሩ ሲዘጋበት ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በምጽዋ አጠገብ ባለችው በምንኩሉ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ። ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ በቋንቋ ዕውቀቷ ብዙ ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ወደ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቆ ሲደርስ ግን ባዶ እጁን አልነበረም፤ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚያነበውን መጽሐፍ ይዞ ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

1ኛ/ በአጠገባችን ያለውን ጕድለት እንይ። ፊልጶስ በመጀመሪያ የተመረጠው በማዕድ እንዲያገለግል ነበር (የሐዋ. ሥራ 6)። በሰማርያ ወንጌልን የሰበከው ከዚያ በኋላ ነው (ምዕ. 8)።

2ኛ/ የተዘጋ በር ሁሉ የጥሪ መጨረሻ አይደለም። ጳውሎስም በእስያ ቃሉን እንዳይናገር፣ ወደ ቢታንያም እንዳይሄድ ተከለከለ፤ በዚያም መቄዶንያ ተከፈተችለት (ምዕ. 16)።

3ኛ/ ብቻችንን አንወስን። እንጸልይ፤ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ፤ ምክራቸውንም እንስማ። አንዳንድ ጊዜ ስጦታችንን ከእኛ ይልቅ ሌሎች ቀድመው ያዩታል።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ሩቅ አገር የሚላክ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚሄዱትንም ጌታ ይባርክ። ነገር ግን እዚህ ለዐሥር ሕፃናት ያልታገሠ ሰው እዚያ ለብዙ ሕዝብ እንዴት ይታገሣል? እኔ አሁን በሕፃናቱ ክፍል አስተምራለሁ። የገጠሩ ምኞት ከልቤ አልጠፋም፤ ጊዜው ሲደርስ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ግን እየተማርሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ/ በማኅበራችን ዛሬ ሰው ያጣው የአገልግሎት ክፍል የትኛው ነው?
ለ/ «ጥሪዬ አይደለም» ብለን እምቢ ያልነው ሥራ አለን? ምክንያታችን እውነተኛ ነበርን?

እግዚአብሔር የምናይበትን ዓይን፣ የምንታዘዝበትን ልብ ይስጠን። አሜን።