የንጉሥ አማችና የሕዝብ ገንዘብ

ትልቅ ስም ሕግን እንዴት እንደሚያስተኛ ለመረዳት የእስፓኙን የእጅ ኳስ ተጫዋች የኢኛኪ ኡርዳንጋሪንን ታሪክ እንመልከት። ይህ ሰው በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሊምፒክ ከቡድኑ ጋር የነሐስ ሜዳይ አገኘ፤ በ1997 የንጉሥ ሁዋን ካርሎስን ልጅ ክሪስቲናን አገባ። ኋላም ለትርፍ ያልቆመ የተባለውን የኖስን ድርጅት ሲመራ፥ የባሌያሪክና የቫሌንሲያ ሹማምንት የሕዝብ ገንዘብ ያለ ጨረታ ሰጡት። የንጉሥን አማች ደፍሮ «ሒሳብ አምጣ» የሚል ጠፍቶ ነበርና።

ሆኖም በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ5 ዓመት ከ10 ወር እሥራት ፈረደበት፤ የባሌያሪክ መሪ የነበረው ማታስም አብሮ ተቀጣ። እንግዲህ ጥፋቱ የተቀባዩ ብቻ ሳይሆን የፈራሚውም ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የምንጨብጠው እኛ ነንና፥ የስም ትልቅነት የጨረታ ምትክ እንዳይሆን ከወዲሁ እንማር።