ከቶርኖ ቤት የተመለሰ የወፍጮ ሞተር ርክክብ

ሰበካ ጉባኤ የወፍጮ ሞተር አሳድሶ ሲረከብ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው ደረሰኙ ነው። ይህ አይበቃም። በደጎሎና በመሰል ደጋማ አጥቢያዎች ወፍጮ ሲቆም እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ሩቅ ይጓዛሉ፤ ለአገልግሎት የሚውለው ገቢም ይቋረጣል። ስለዚህ ቀሪው ክፍያ ሳይፈጸም፣ ሞተሩም ሳይገጠም፣ ሥራው ይለካ።

ባለ 6 የፈረስ ጉልበቱን አሮጌ ሊስተር ምሳሌ እናድርግ። ይህ በእንግሊዝ አገር በደርስሊ ከተማ የተሠራና በኋላም በህንድ በራጅኮት በብዛት የተቀዳ ሞተር በደቂቃ 650 ዙር ብቻ ስለሚዞር ጥቂት ስሕተት ይችላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም፤ እህል ተጭኖበት ለሰዓታት ሳያርፍ የሚሠራ ሞተር ስሕተትን አይሸከምም።

የሲሊንደሩ የፋብሪካ ስፋት 114.3 ሚሊሜትር ነው። ተፍቆ ሲሰፋ አዲሱ ልክ ከተገዛው ፒስተን ጋር መስማማት አለበት። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ ስድስት ቁጥር ይገኛል። የላይኛውና የታችኛው ከተለያዩ ሲሊንደሩ ሾጣጣ ሆኗል፤ በአንድ ከፍታ ላይ ሁለቱ አቅጣጫዎች ከተለያዩ ደግሞ ሞላላ ነው።

ቅዝቃዜውን አትርሱ። ይህን የሚያክል ሲሊንደር በ20 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት 0.025 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከሥራ ላይ እንደ ወጣ በትኩስነቱ የተለካ ብረት ስለዚህ ያታልላል። ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑና መለኪያው በአንድ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓታት አብረው ይቆዩ።

አዲሱን ፋሻ ለብቻው ወደ ሲሊንደሩ አስገብቶ በፒስተኑ ገፋ በማድረግ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ካደረጉ በኋላ፣ የጫፎቹን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ማየት ይቻላል። ለዚህ ስፋት 0.45 ሚሊሜትር ገደማ የተለመደ ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ካለ ግን ዳኛው እርሱ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጫሉ፤ ሲሊንደሩም ይቧጨራል።

ክራንክሻፍቱ ከተፈቀፈቀ ብሮንዚናው በዚያው ልክ መታዘዝ አለበት። በ0.25 የተሳለ ዘንግ የ0.50 ብሮንዚና አይቀበልም። የመፍጫ ድንጋይ ብናኝ ደግሞ በናፍጣ ብቻ አይጠራም፤ ሲሊንደሩ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁ ከጠቆረ እንደገና ይታጠብ።

የሚለካው ሥራውን ያልሠራ ሌላ ሜካኒክ ይሁን፤ ከኮሚቴው ሁለት አባላት ይገኙ። የታዘዘው ልክና የተገኘው ልክ ጎን ለጎን ተጽፎ ከደረሰኙ ጋር ይያያዝ። ቁጥሩ ካልተስማማ ዕቃው ሳይገጠም ወደ ቶርኖ ቤቱ ይመለስ፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ማስረዳት እጅግ ያስቸግራልና።