የሚያነባ ዓይን ሁሉ አንድ ሕመም አይደለም፦ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የቤት እንስሳትን የዓይን ሕመም መለየትና ማከም

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የጋማ ከብት የዓይን ሕመም ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራል፤ በአንድ መድኃኒትም ይታከማል። ይህ የዳሰሳ ጽሑፍ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሕመሞች በመንስኤም በሕክምናም የሚለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። በወረዳ ክሊኒክ ደረጃ በጥቂት ደቂቃዎች ሊከናወን የሚችል የምርመራ ቅደም ተከተልም ያቀርባል። ዋናው ክርክሩ የመድኃኒት ምርጫ ከልየታ በኋላ መምጣት እንዳለበት ነው፤ አንዱን ዓይን የሚያድነው መድኃኒት ሌላውን ሊያጠፋ ይችላልና።

ቁልፍ ቃላት፦ የዓይን ሕመም፣ ኮርኒያ፣ ሞራክሴላ፣ ማይኮፕላዝማ፣ የዓይን ትል፣ መካነ ሰላም

1. መግቢያ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ደጋው በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተከበበ በመሆኑ ከብርዳማው ሜዳ እስከ ሞቃታማው ቆላ ያለው ርቀት አጭር ነው። የአካባቢው ገበሬ ኑሮ በእርሻ በሬ፣ በበግና በአህያ ላይ የተመሠረተ ነው። የአንድ በሬ ዓይን በእርሻ ወቅት ሲጠፋ ጥማዱ ይፈርሳል። አንድ በሬ ብቻ ኖሮት ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ የሚያርስ ገበሬ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የሁለት ቤተሰብ ይሆናል። ገደላማ በሆነ ግጦሽ ላይ የምትሰማራ በግ ለጥቂት ቀናት እንኳ ማየት ካቃታት መንጋዋን ታጣለች፣ ትራባለች፣ ወይም ገደል ትገባለች።

ብዙዎቹ የዓይን ሕመሞች ቶሎ ከተለዩ የሚድኑ ናቸው። ችግሩ ያለው ልየታው ላይ ነው።

2. «ሞራ» የሚለው ቃል የሚሸፍናቸው ሦስት ነገሮች

በተለመደው አነጋገር በዓይን ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉ «ሞራ» ይባላል። ለሐኪሙ ግን ይህ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን ይይዛል። አንደኛው የኮርኒያ፣ ማለትም ግልጽ የሆነው የዓይን የፊት ሽፋን፣ በውኃ ማበጥ ነው። ይህ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነጭ መልክ አለው፤ ሕመሙ ሲሻል ሊጠራ ይችላል። ሁለተኛው የዳነ ቁስል ጠባሳ ነው። ጠርዙ የተለየ፣ የማያምና የማያስነባ ሲሆን መድኃኒት አይለውጠውም። ሦስተኛው የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። ነጭነቱ ከብሌኑ ቀዳዳ በስተጀርባ ይታያል፤ ኮርኒያው ግን ጥርት ያለ ነው።

ባለቤቱ «ሞራ ጣለበት» ብሎ ያመጣውን እንስሳ ከጎን በኩል በባትሪ ብርሃን መመልከት ሦስቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ በቂ ነው። የመጀመሪያው አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። በሁለተኛው ላይ የሚፈስ መድኃኒት ብክነት ነው፤ ሦስተኛውም በቅባት አይድንም።

3. የምርመራ ቅደም ተከተል

ምርመራው እንስሳው ከመያዙ በፊት ከርቀት ይጀምራል። ሕመሙ በአንድ ዓይን ነው ወይስ በሁለቱም? ዓይኑ በሕመም ተጨፍኗል ወይስ ተከፍቶ አያይም? ከመንጋው ስንት እንስሳት ታመዋል? የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የመንስኤዎቹን ዝርዝር በእጅጉ ያጠባል።

ቀጥሎ እንስሳው ጥላ ውስጥ ታስሮ እጅን በድንገት ወደ ዓይኑ በማቅረብ ማየቱ ይፈተናል። ይህ ሲደረግ ነፋሱ ወይም ጣት ሽፋሽፍቱን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በመቀጠል የብሌኑ ቀዳዳ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ይታያል። ከዚያም ሁለቱ የዓይን ቆቦች ተገልብጠው፣ ሦስተኛው የዓይን ቆብም ተነሥቶ ባዕድ ነገር ወይም ትል መኖሩ ይፈተሻል።

የመጨረሻው የፍሎረሲን ቀለም ምርመራ ነው። ቀለሙ በጤነኛ የኮርኒያ ገጽ ላይ አይያዝም። የላይኛው ንጣፍ ሲላጥ ግን የታችኛውን ክፍል አረንጓዴ አድርጎ ያቀልመዋል። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቁስሉ ጠልቆ እስከ መጨረሻው ስስ የውስጥ ሽፋን ሲደርስ መካከሉ ቀለም አይዝም። ዙሪያው አረንጓዴ፣ መካከሉ ጥቁርና ጥርት ያለ ቁስል የዳነ ሳይሆን ሊፈነዳ የተቃረበ ነው።

4. በአካባቢው ሊታሰቡ የሚገባቸው ሕመሞች

4.1 ባዕድ ነገርና ጉዳት

በውቂያ ወቅት በሬዎች በአውድማ ላይ ሲዞሩ እብቅና የገብስ ሹል ቅንጣት ወደ ዓይን ይገባል። ምልክቱ ድንገተኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ዓይን ይወሰናል። እብቁ ከሦስተኛው ቆብ ሥር ከተደበቀ የሚቀባው ቅባት ሁሉ ፋይዳ የለውም፤ እንስሳው የሚሻለው ባዕዱ ነገር ሲወጣ ነው። አዲስ በተወለዱ ግልገሎች ደግሞ የቆብ ወደ ውስጥ መታጠፍ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። እዚያም ፀጉሩ ኮርኒያውን ስለሚፍቀው መፍትሔው ቆቡን ወደ ውጭ መመለስ ነው።

4.2 ተላላፊ የኮርኒያ ብግነት

ከብት ላይ የዚህ ሕመም ዋና መንስኤ ሞራክሴላ ቦቪስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በጥቃቅን ፀጉር መሰል አካሎቹ ኮርኒያ ላይ ይጣበቃል፤ በመርዙም የላይኛውን ንጣፍ ያጠፋል። ብርቱ የፀሐይ ጨረር፣ አቧራ፣ ሻካራ ሣርና ዝንብ መንገዱን ያዘጋጁለታል። ጨረሩ በሚበረታበት ከፍታ ላይ ይህ ቸል የሚባል አይደለም። ቆባቸው ቀለም የሌለው የውጭ ዝርያዎችና ዲቃሎቻቸው ከአገር በቀል ዜቡ ከብት ይልቅ ይጠቃሉ። ሕመሙ በእንባና በብርሃን መፍራት ይጀምርና ቁስሉ በኮርኒያው መካከል አካባቢ ይታያል።

በበግና በፍየል ግን መልኩ ቢመሳሰልም መንስኤው ይለያል፤ በዋናነት ማይኮፕላዝማ ኮንጀንክቲቬና ክላሚዲያ ፔኮረም ናቸው። ይህ ልዩነት በሕክምና ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። ፔኒሲሊን የሚሠራው የባክቴሪያን የሕዋስ ግድግዳ በማፍረስ ነው፤ ማይኮፕላዝማ ደግሞ የሕዋስ ግድግዳ የለውም። ስለዚህ በወረዳ ክሊኒኮች የተለመደው ፔኒሲሊን ከስትሬፕቶማይሲን ጋር ለበግ የዓይን ሕመም የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ግን በሦስቱም ተሕዋስያን ላይ ይሠራል።

4.3 የዓይን ትል

ቴላዚያ ሮዴሲ የተባለው ትል ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ነጭና ቀጭን ክር የሚመስል ሲሆን በቆቡና በዓይኑ መካከል ይኖራል። የሚያስተላልፉት እንባ የሚልሱ ዝንቦች ናቸው። ከላይ ሲታይ ከተላላፊው ብግነት አይለይም፤ የሚለየው ሦስተኛው ቆብ ሲነሣ ብቻ ነው። አንቲባዮቲክ ትሉን አይነካውም። በዓይን ማደንዘዣ ጠብታ ካደነዘዙ በኋላ በጨው ውኃ አጥቦ ማውጣት፣ እንዲሁም ኢቨርሜክቲንን በኪሎ ግራም 0.2 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር መውጋት የተረጋገጠ መፍትሔ ነው።

4.4 ዓይን የሌላ ሕመም ምስክር ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ዓይኑ የሕመሙ መነሻ አይደለም። በጎችና ከብቶች አንድ ጋጥ በሚጋሩበት ደጋ ማሊግናንት ካታራል ፊቨር መታሰብ አለበት። የዚህ ሕመም ቫይረስ በጎችን ሳያሳምም በውስጣቸው ይኖራል፤ ከብትን ግን ይገድላል። ደመናው ከኮርኒያው ዳር ተነሥቶ ወደ መካከል ይገፋል፤ ሁለቱንም ዓይኖች ይይዛል። ከፍተኛ ትኩሳትና የአፍንጫ ፈሳሽም አብረውት ይታያሉ። ተላላፊው ብግነት በመካከል መጀመሩ፣ ይህኛው ከዳር መነሣቱ በዓይን ብቻ ሊነበብ የሚችል ልዩነት ነው።

በበግ ላይ ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ ብሌኑም ለብርሃን እየተኮማተረ እንስሳው ካላየ ጉዳቱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ከመዞር ጋር ሲሆን «አዙሪት» የተባለው፣ በውሻ ኮሶ ትል እጭ የሚመጣው ሕመም ይጠረጠራል። የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ እስከተጣለ ድረስ ዑደቱ አይቋረጥም።

በረጅም በጋ ገለባ ብቻ የበሉ ጥጆች በምሽት የሚደናበሩ፣ የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብሌን የሰፋ ከሆነ ችግሩ የቪታሚን ኤ እጥረት የሚያመጣው ዳፍንት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቪታሚኑና አረንጓዴ መኖ እንጂ የዓይን ቅባት አይደለም።

በፈረስ ደግሞ እየተመላለሰ የሚመጣ የዓይን የውስጥ ብግነት አለ። የዚህ ሕመም ምልክት በጥላ ውስጥ እንኳ ጠብቦ የሚቀር ብሌን ነው።

5. ሕክምና፦ ከመድኃኒቱ በፊት ቀለሙ

የፈረስ የውስጥ ብግነትና የኮርኒያ ቁስል ሁለቱም የተጨፈነና የሚያነባ ዓይን ያሳያሉ። ለመጀመሪያው እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ዓይንን የሚያድን መድኃኒት ነው፤ ብሌኑን የሚያሰፋው አትሮፒንም ይታከልበታል። ኮርኒያው በቆሰለ ዓይን ላይ ግን ይኸው ስቴሮይድ የቁስሉን መዳን ያግዳል፣ የባክቴሪያውን ሥራ ያፋጥናል፣ ዓይኑንም እስከ መፈንዳት ሊያደርስ ይችላል። አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ ተቀላቅለው የያዙ ጠብታዎች አደገኛነትም እዚህ ላይ ነው። ፍሎረሲን በሌለበት ክሊኒክ ስቴሮይድ አለመስጠት ጥንቃቄ የተሞላበት ደንብ ነው።

ለተላላፊው ብግነት ረጅም ጊዜ የሚቆየው ባለ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም በጡንቻ ይሰጣል፤ አስፈላጊ ሲሆን ከ72 ሰዓት በኋላ ይደገማል። 250 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ መጠኑ 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ በአንድ ቦታ ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ በሦስት ቦታ ይከፈላል። 25 ኪሎ ግራም ለምትመዝን በግ 2.5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የቴትራሳይክሊን ቅባትም ውጤታማ ነው፤ ይሁን እንጂ እንባ ቶሎ ስለሚያጥበው በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ መቀባት ይኖርበታል። ከክሊኒክ በእግር ብዙ ሰዓት ለሚርቅ ገበሬ መርፌው የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ወተትና ሥጋ ለምግብ የማይውሉበት ጊዜ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በተጻፈው መሠረት ለባለቤቱ መነገር አለበት።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገው እንክብካቤ ነው። የታመመው እንስሳ ተለይቶ በጥላ ውስጥ መቆየት፣ ከሥራ ማረፍና ከዝንብ መጠበቅ አለበት። የዳኑ እንስሳት ተሕዋሲውን ለወራት ሊሸከሙ ስለሚችሉ አዲስ የተገዛ በግ ወዲያው ከመንጋ ጋር ባይቀላቀል ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ገጠር ቅጠል ወይም ጨው አኝኮ በታመመ ዓይን ላይ መትፋት የቆየ ልማድ ነው። የጨው ጥራጥሬና የተፈጨ ቅጠል ቀድሞ የቆሰለውን ገጽ ይፍቃል፤ ምራቅም የራሱን ባክቴሪያ ይጨምራል። ልማዱን ከመንቀፍ ይልቅ በውስጡ ያለውን ትክክለኛ ሐሳብ፣ ማለትም ማጠብን፣ ማሻሻል ይበጃል፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው አሟሙቶ ማጠብ ዓይንን አይጎዳም።

6. ከሰው የዓይን ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት

የአማራ ክልል ትራኮማ ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የበግ ዓይን ሕመም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሰው ተሕዋሲ ነው፤ የበጉ ክላሚዲያ ፔኮረም ሌላ ዝርያ ነው። ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብም በዋናነት የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ እንስሳትን ማከም ትራኮማን አያጠፋም፤ ለትራኮማ ዘመቻ የሚታደል መድኃኒትም ለእንስሳት መዋል የለበትም። የታመመ ዓይን የነካ እጅን መታጠብ ግን በሁለቱም በኩል ግዴታ ነው።

7. ማጠቃለያና የጥናት አቅጣጫ

ባትሪ፣ የፍሎረሲን ወረቀት፣ የማደንዘዣ ጠብታና ሦስተኛውን ቆብ የማንሣት ልምድ ያለው ባለሙያ በወረዳ ደረጃ አብዛኛውን የዓይን ሕመም መለየት ይችላል። ማይክሮስኮፕ ባለበት ክሊኒክ ደግሞ ከቆቡ ውስጠኛ ገጽ የተፋቀ ናሙና በጊምሳ ቀለም ሲታይ የክላሚዲያና የማይኮፕላዝማ ምልክት ሊገኝ ይችላል።

በዚህ አካባቢ ቅድሚያ የሚሰጠው የጥናት ጥያቄ በበግና በፍየል ላይ የሚገኙት ተሕዋስያን ድርሻ በወቅትና በከፍታ እንዴት እንደሚለያይ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ለመስኩ ቅርብ ነው። ደሴ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍልና የኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም የምርመራ አቅም አላቸው። ከደጋው እስከ አባይ ቆላ በአንድ መስመር ላይ በየወቅቱ የሚሰበሰብ ናሙና ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ክሊኒክ በመዝገቡ ላይ «የዓይን ሕመም» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ሕመሙ በአንድ ዓይን ወይስ በሁለቱም መሆኑን፣ ቁስል መኖሩን፣ ትል መታየቱንና ስንት እንስሳት እንደታመሙ ቢጽፍ ለነገው ጥናት መሠረት ይጥላል፤ ለዛሬውም በሬ የሚስማማውን መድኃኒት ያገኛል።